በዳማ ላይ በር የዘጋንበት ክረምት

ሰው «ጥላ አየሁ»፣ «ሙት ጠራኝ» ሲል በሆዴ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ማለት ነበርኩ፣ አሁን ምን እንደሆንኩ እኔም አላውቀው። ሥራዬ አስጎብኚነት ነው፣ ላሊበላ ተወልጄ ላሊበላ ያደግሁ፣ ለእንግዳ ሁሉ ቀን ሰው የጠረበውን ሌሊት መላእክት እጥፍ አድርገው ይጠርቡት ነበር እያልኩ ስተርክ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እሱን ከልቤ ነው የምለው፣ እምነቴ ነው፤ ነገር ግን የጎረቤት ሴት መጥታ «ትናንት ማታ ሟቹ ባሌ ቆርቆሮውን አንኳኳብኝ» ስትል «ድመት ነው እትዬ» ብዬ የማልፍ ነበርኩ። ስለዚህ የምነግራችሁን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ አላምነውም ነበር፣ ባታምኑኝም አልቀየማችሁም።

ነገሩ የመጣው በውሻ ምክንያት ነው።

ዳማ የታናሽ እህቴ የትርንጎ ውሻ ነው። ገና ቡችላ ሳለ ወደ አሸተን ማርያም ከሚወስደው አቀበት ዳር፣ ውኃ ከያዘ ቦይ ውስጥ አንስታ በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣችው፣ ጠጉሩ ዳማ በቅሎ ስለሚመስል ዳማ አለችው። ሲያድግ ግን እመኑኝ ውሻ ሳይሆን ከወንጭፍ የወጣ ድንጋይ ሆነ፣ ጠዋት ከእሷ ጋር አቀበቱን ወጥቶ ይወርዳል፣ ከሰዓት ከሰፈር ውሾች ጋር ሲራኮት ይውላል፣ ማታ ደግሞ ግቢውን ሲዞር ያድራል፣ ድካም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

እንግዳ መምጣት ከቀረ ወዲህ እኔ ሥራ ፈታሁ፣ ትርንጎም ምግብ ታበስልበት የነበረው ትንሽ ሆቴል ተዘጋ፣ «ዓረብ አገር ሄጄ እማን አሳርፋታለሁ» አለች፣ ብትለመን ብትመከር እምቢ አለች። ከጓደኞቿ ጋር በጋሸና በኩል ወጣች። ዳማ መኪናውን ተከትሎ ሮጠ፣ የት ድረስ እንደሮጠ እግዜር ይወቅ፣ በማግስቱ መዳፉ ተልጦ እያነከሰ ተመለሰ። ከዚያ አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ደወለች፣ ንፋስ ይበዛበት ነበር፣ «ባሕሩ ጋ ደርሰናል፣ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ በጀልባ እንሻገራለን፣ ዳማ ይበላል ወይ» አለችኝ፣ «ይበላል» አልኳት፣ ተቋረጠ። የመጨረሻው እሱ ነው። በዚያ ቁጥር ደጋግሜ ብሞክር አይሠራም፣ አብረዋት የሄዱት ልጆች ቤተሰቦችም እንደ እኛው ስልክ ታቅፈው ተቀምጠዋል።

እናቴ አላለቀሰችም። «አሠሪዎቿ ስልክ ከልክለዋት ይሆናል» ትላለች፣ እኔም «ይሆናል» እላታለሁ፣ ከዚህ አልፈን ተነጋግረን አናውቅም።

ክረምቱ ገባ። ፍልሰታ ሲያዝ በሰፈራችን እብድ ውሻ ገባ ተባለ፣ ከብትም ሰውም ነክሷል ተባለ፣ ደጅ የተገኘ ውሻ ሁሉ ይገደል ተባለና ጎረምሶቹ ዱላ ይዘው መዞር ጀመሩ። ዳማን በገመድ ብናስረው አንገቱ እስኪላጥ ድረስ ታገለ፣ አጥራችንን እንደሆነ ዘሎ ያልፈዋል፣ የቀረን ቤት ማስገባት ብቻ ነበር። እናቴ ጠበል በሚረጭበት ቤቷ ውሻ አስገብታ የማታውቅ ሴት ናት፣ ፈርቼ ስጠይቃት ግን «አስገባው። ስትመጣ ውሻዬስ ብትለኝ ምን እላታለሁ» አለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ውሻ፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤትና አንዲት ጓዳ ባላት ቤት ውስጥ ምን ይሁን? የመጀመሪያው ቀን የእናቴን ትራስ ዘንጥሎ ቤቱን ጥጥ በጥጥ አደረገው፣ በሩን በጥፍሩ ሲፈቀፍቅ ዋለ፣ በማግስቱ የመደቡን ምርጊት ቆፈረ። አጥንት ጥለን እንዳናስታግሰው ጾም ነው፣ በቤቱ ሥጋ የሚባል የለም። ድሮ አንዲት የውጭ እንግዳ ያጫወተችኝ ትዝ አለኝ፣ በእነሱ አገር ውሻ ቤት ውስጥ ነው አሉ የሚውለው፣ «እግሩን ማድከም ካልቻልክ አፍንጫውን አድክመው» ነበር ያለችኝ። ታዲያ የሃይላንድ ፕላስቲክ በስቼ የቂጣ ፍርፋሪ ጨመርኩበት፣ ያቺን እያንከባለለ ፍርፋሪውን እስኪያራግፍ ድረስ እናቴ ዳዊቷን ትደግማለች፤ ካልሲ በካልሲ ላይ ጠቅልዬ ኳስ ሠራሁለት፤ ደረቅ ቂጣ በአሮጌ ጫማ ውስጥ፣ በተጠቀለለ ማዳበሪያ ሥር፣ በመደቡ ጥግ እየሸሸግሁ ፈልግ እለዋለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከአሸተን አቀበት ይልቅ ይሄ ፍለጋ ነው ያደከመው፣ ሲያገኝ እንደ ልጅ ይቦርቃል፣ ከዚያ ተዘርግቶ ይተኛል።

ፍለጋን ያስለመደችው ትርንጎ ናት። እኔ የዳማን ዓይን በመዳፌ ሸፍኜ «ኩኩሉ» እላለሁ፣ እሷ የምትደበቅበት ስትፈልግ «አልነጋም» ትላለች፣ ደግሜ «ኩኩሉ» ስል እንደገና «አልነጋም»፣ ጥሩ ቦታ ስታገኝ «ነጋ» ትላለች፣ ያኔ እለቀዋለሁ፣ ሄዶ ፈልፍሎ ያወጣታል። ያ ሁላችን በልጅነታችን የተጫወትነው ድብብቆሽ ነው፣ እሷ ግን ትልቅ ሴት ሆናም አልተወችውም ነበር። እኔም ቂጣውን ከሸሸግሁ በኋላ እንደ ልማዳችን ዓይኑን ይዤ «ኩኩሉ» እለውና፣ የሚመልስ ስለሌለ «ነጋ» ብዬ ራሴው እለቀዋለሁ።

ጥቂት ቀን እንደቆየ፣ ቂጣውን የትም ብሸሽገው ዳማ ቀድሞ ወደ ጓዳ መሮጥ ጀመረ። ጓዳው ውስጥ ትልቅ የጭቃ ጎታ አለ፣ እህል የምናስቀምጥበት፣ ከጀርባው አንድ ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት ቦታ አለ፣ ትርንጎ ሁልጊዜ የምትደበቀው እዚያ ነበር። ሽታዋ ቀርቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ጅራቱ ጎታውን ጧ ጧ ጧ ሲያደርግ መስማት ጀመርኩ፣ ሰው ሲያገኝ የሚያደርገውን ማለቴ ነው፣ አይጥ አግኝቶ ነው አልኩ። አንድ ቀን ደግሞ የካልሲዋ ኳስ ከጓዳ ተንከባልላ እግሬ ሥር መጣች፣ ዳማ ግን ከእኔ ጋር ሳሎን ተኝቶ ነበር። ወለሉ ተዳፋት ነው አልኩ። ወለላችን ወደ ጓዳው እንጂ ከጓዳው እንደማያዘቀዝቅ ያስታወስኩት ኋላ ነው።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣላችሁ። ከሰዓት ነው፣ እናቴ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ቤተ ማርያም ለቅዳሴ ሄዳለች። ጉሙ ከአሸተን ወርዶ ከተማውን ውጦታል፣ መብራት ጠፍቷል፣ በቀን ቤቱ ጨልሟል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ድንገት ጋብ አለ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታ ታውቁታላችሁ፣ የራስ ትንፋሽ የሚሰማበት። ዳማ ሲቁነጠነጥ ስለዋለ ቂጣ ቆርሼ ከበሩ አጠገብ ባለው ጫማ ውስጥ ሸሸግሁ፣ ተንበርክኬ ዓይኑን በመዳፌ ሸፈንኩና «ኩኩሉ» አልኩ።

«አልነጋም።»

ከጓዳ ነው። ቀስ ያለ ነው፣ ግን የእሷ ነው፣ የገዛ እህቴን ድምፅ አልስተውም።

ዳማ አልጮኸም፣ አላጉረመረመም፣ ጠጉሩም አልቆመም፣ እንዲያው መላ አካሉ በእጄ ውስጥ ይርገበገባል፣ ጅራቱ ወለሉን ይመታል። እኔ ግን መነሣት ቀርቶ አንገቴን ማዞር አቃተኝ። መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? መጣች ነው ያልኩት። በጓሮ ዞራ ገብታ ልታስደነግጠኝ ነው አልኩ፣ ጓዳው ወደ ውጭ የሚያወጣ በር እንደሌለው እንኳ ጠፋኝ። ደግሜ «ኩኩሉ» አልኩ።

«አልነጋም።»

አሁን ራቅ ብሏል፣ ከጎታው ጀርባ ሳይሆን ከግድግዳው ወዲያ። እንደገና ጠራሁ፣ እንደገና መለሰች፣ ከጓሯችን ወዲያ ካለው ገደል አፋፍ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሰው ከማዶ ተራራ ሲጣራ እንደሚሰማው ሆኖ። መጥራቴን ማቆም አልቻልኩም፣ ዝም ካልኩ የምትሄድ መሰለኝ፣ ደግሞ «ነጋ» እንዳትለኝ ፈራሁ፣ ነጋ ካለች ውሻውን መልቀቅ አለብኝ፣ ሄዶ የሚያገኘው ምንድን ነው? «ትርንጎ» አልኩ በመጨረሻ በስሟ፣ «ትርንጎ፣ የት ነሽ?»

መልስ የለም። «ኩኩሉ» ብልም ከዚያ በኋላ መልስ አልመጣም።

ዳማ ከእጄ ተፈልቅቆ ጓዳ ገባ። ጅራቱ ጎታውን ጧ ጧ ጧ ሲያደርግ ሰማሁ፣ ከዚያ ድንገት ቆመ፣ ቀጥሎም ከውሻ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ አወጣ፣ ማላዘን አይደለም፣ ጩኸት አይደለም፣ ሰው አፉን ይዞ ሲያለቅስ እንደሚሰማው ያለ ነው። እንደምንም ተነሥቼ የስልኬን መብራት ይዤ ገባሁ። ከጎታው ጀርባ ቁጭ ብሎ ባዶውን ግድግዳ ያያል። መሬቱ ደረቅ ነው፣ ዱካ የለም፣ የተነካ ነገር የለም።

እናቴ ስትመለስ በጨለማ ሻማ እንኳ ሳላበራ ተቀምጬ አገኘችኝ። «ምን ሆነሃል?» አለችኝ፣ ነገርኳት። ይህች እናቴ ማለት አመሻሽ ላይ የፈላ ውኃ ደጅ ስትደፋ ሳታማትብ የማትደፋ፣ ሕልም ያየ ሰው ሁሉ መጥቶ የሚነግራት ሴት ናት፣ ታምነኛለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ቆማ ሰምታ ስትጨርስ «አልሰማህም» አለችኝ።

«ሰማሁ እማ፣ በጆሮዬ ነው…»

«አልሰማህም ሲሳዬ። በሕይወት ያለ ሰው በሥጋው ነው የሚመጣ፣ በር አንኳኩቶ። ሰምቻለሁ ያልከኝን አሜን ካልኩ ልጄን በእጄ ቀበርኳት ማለት አይደለም? ሁለተኛ በዚህ ቤት እንዳታነሣው።» የራሰ ነጠላዋን ጨምቃ ሰቀለችና እራት ልታቀራርብ ጓዳ ገባች፣ ዳማ ካለበት፣ መብራት ሳትይዝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ዳማ አልተጫወተም። ፕላስቲኳን እግሩ ሥር ባንከባልላት አያያትም፣ ቂጣውን ፊቱ ባስቀምጥለት እያረፈ ነው የሚበላው። የእብድ ውሻው ወሬ አልፎ ሰው ሁሉ ውሻውን ሲለቅ እኔም በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩለት፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ የሰፈር ውሾች ከአጥሩ ውጭ ይጠሩታል፣ ደፍ ላይ ቆሞ አሸተተና ተመልሶ ጓዳ ገብቶ ተኛ። በር ሰብሮ ካልወጣሁ ሲል የከረመ ውሻ ነው። ጎረቤት «አርጅቶ ነው» ይላል፣ ዳማ ግን ገና ጎረምሳ ነው።

መስከረም ጠብቶ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እናቴ የነፍስ አባታችንን አስቆመቻቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ትርንጎን ያጠመቋትም እሳቸው ናቸው። «አባ፣ ልጄን በጸሎት ያስቡልኝ» አለቻቸው። አባ መስቀሉን አሳልመዋት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከየትኞቹ ጋር ላስባት ልጄ? ከሕያዋኑ ነው ካንቀላፉት?» አሏት።

እናቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ከመንገደኞቹ ጋር ያስቧት አባ» አለች። «መንገድ ላይ ናት።»

«ይሁን» አሉ አባ፣ ሌላ አልጠየቁም።

ወደ ቤት ስንወጣ ዳገቱ ላይ ክንዴን ይዛ ነበር፣ ትንፋሽ ልትሰበስብ ቆም አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን አንሥታው አታውቅም፣ እኔም ቃሌን ጠብቄ አላነሣሁባትም። ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር «ሲሳዬ» አለችኝ፣ «ያን ለት ስትመልስልህ፣ በርዷት ነበር?»

«አልበረዳትም እማ» አልኳት። «ደኅና ነበረች።»

«ተመስገን» አለች፣ መንገዳችንን ቀጠልን።

ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፣ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር፣ ቃሏን እየቆራረጠች ነበር የምትመልስልኝ፣ ከውኃ እንደወጣ ሰው። ይህን ለማንም፣ ለእናቴም ቢሆን አልተናገርኩም ነበር። እማ ስለ ብርዱ እንዴት ልትጠይቀኝ እንደቻለች እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ልጠይቃትም አልደፈርኩም።