የቅዳሜው አውቶቡስ

በጃንሆይ ዘመን፣ አውቶቡስ መካነ ኢየሱስ ድረስ መዝለቅ በጀመረ ሰሞን፣ ይታይሽ ከአባቷ ቤት ጠፋች።

ልቧን ያሸፈተው ቢሻው ነው። የጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ተማሪ ሳለ፣ አርብ ገበያ አጠገብ ካለው ደጃቸው ቆሞ ቁራሽ ይለምን ነበር። መጀመሪያ የወደደችው ድምፁን ነው። ዓይኑን ያየች ለት ግን የያዘችውን እንጀራ መስጠት ረስታ ቆማ ቀረች።

«ዛሬ ምነው ዘገየህ?» አለችው አንድ ቀን።

«ሌላውን ደጅ ሁሉ ጨርሼ ነው የመጣሁ።»

«የእኛን ለምን መጨረሻ አደረግኸው?»

«እዚህ ከቆምኩ በኋላ እግሬ ወደ ሌላ ቤት አልሄድ ይለኛል።»

ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። ያን ቀን ከገዛ ምሳዋ ጨመረችለት።

አባቷ ግን ስማዳ ላለ ባለጸጋ፣ ሚስቱ ለሞተችበት ሰው፣ ቃል ሰጥተዋል። ሠርጉ ሲቃረብ ቢሻው ትምህርቱን ትቶ መላ አመጣ።

«ደብረ ታቦር ቀድሜሽ እገባለሁ። ቅዳሜ አውቶቡሱ ሲደርስ ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ታገኚኛለሽ። እሑድ ማለዳ ወደ ሁመራ የሚሄድ የጭነት መኪና አለ፤ ሁለታችንንም ይወስደናል።»

«እንዳታስቀረኝ፣ ቢሻው።»

እጇን ይዞ ዝም አለ፤ ለእሷ ዝምታው ከመሐላ በልጦ ታያት።

አባቷ በንፋስ መውጫ መንገድ ይፈልጉኛል ብላ በስማዳ አቋርጣ፣ እግሯ አብጦ እስቴ መካነ ኢየሱስ ገባች። ቅዳሜ ማለዳ ትኬት ቆረጠች። ልትሳፈር አንድ እግሯን ስታነሣ ግን ትኬት ተቀባዩ ክንዷን ያዘ።

«ከየት ነሽ?»

«ከአርብ ገበያ።»

«ከጋይንት አውራጃ? የጤና ማስረጃሽስ?»

«የምን ማስረጃ? ምንም አላመመኝ።»

«ከጋይንት የሚመጣ ማናቸውም ያለ ጤና ማስረጃ አይጫንም ይላል ደንቡ። ዞር በይ!»

«ወንድሜ፣ በማርያም! ዛሬ ካልደረስኩ አለቀልኝ።»

«ለደንቡ ንገሪው» ብሎ በሩን ዘጋ። የትኬቷን ብር እንኳ አልመለሰላትም። አውቶቡሱ ተነሣ። አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየችና በእግሯ ተከተለችው።

ደብረ ታቦር የደረሰችው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከኢየሱስ ደጅ ቢሻው የለም። የጭነት መኪናው ማለዳ ሄዷል አሏት። ‹የቀረሁበት መስሎት ተቀይሞ ሄደ› ብላ ከደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። አባቷ በበኩላቸው ለአገር ሽማግሌ «እንዲህ ያለች ልጅ የለችኝም» ብለው ተናገሩ። መመለሻም ጠፋ።

አዛለች የምትባል ጠላ ሻጭ አስጠጋቻት። ማድጋ እያጠበች፣ ጠላ እየቀዳች ከረመች። ሰካራም እጇን ሲጎትታት፣ አስተናጋጅ ናት ብሎ ሰው ሲንቃት፣ በሆዷ የምትረግመው ያን ትኬት ተቀባይ ነበር።

«ለምን አትከሺም?» አለቻት አዛለች። «ካሣ ይክፈሉሽ።»

«ካሣ ምን ያደርግልኛል?»

«ሞኝ! ለጉዳትሽ ምስክር ጥሪ ትባያለሽ። ምስክርሽ ማነው?»

ይታይሽ ቀና አለች። ሁመራ ወርዳ ቢሻውን የምትፈልግበት አቅም አልነበራትም። ፍርድ ቤት ግን መጥሪያ ይልካል፤ ፖሊስ ደግሞ ሰው ያገኛል። በማግስቱ ማመልከቻ አጻፈች።

ክሱ በቀጠሮ ሁለት ክረምት ከረመ። የአውቶቡሱ ባለቤት አቶ ጓዴ ጠበቃ አቆሙ። በመጨረሻው ቀጠሮ ቢሻው በፖሊስ ታጅቦ ገባ፤ ከስቷል፣ ፀሐይ አክስሎታል። ዓይናቸው ሲገጥም እሷ ፈገግ አለች፤ እሱ ግን ወደ መሬት አቀረቀረ። አፍሮ ነው ብላ ይብሱን ሆዷ ባባለት።

ዳኛው ደንቡን ከጠበቃው ተቀብለው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይኼ እኮ ደስታ ስለሚሉት የከብት በሽታ የወጣ ነው። ‹ማናቸውም የቀንድ ከብት› ይላል። ሰው የሚል የታለ?»

ችሎቱ በሳቅ ሞላ። ይታይሽ ፊቷን ሸፈነች። ያስቀራት የበሬና የላም ደንብ ኖሯል።

የአቶ ጓዴ ጠበቃ ተነሣ። «ክቡር ዳኛ፣ ተሳስተናል፤ የትኬቱን ዋጋ እንመልሳለን። ባል አሳጡኝ ያለችውን ግን ምስክሯ ያስረዳ።»

ቢሻው ወንጌል መትቶ ማለ።

«ልታገባት ቃል ሰጥተሃል?» አለው ጠበቃው።

«ሰጥቻለሁ።»

«ትወዳት ነበር?»

«ከነፍሴ አስበልጬ።» ይታይሽ ነጠላዋን ጨብጣ ያዘች።

«ቅዳሜ በአውቶቡሱ ብትመጣ ኖሮ ከተባለው ቦታ ታገኝህ ነበር?»

ቢሻው ወደ ይታይሽ ዞረ። ዳኛው ጥያቄውን ደገሙለት። ወንጌሉን አየ።

«አታገኘኝም ነበር።»

«ለምን?»

«ዓርብ በሌላ መኪና ሄጃለሁ። አባቷ ጠመንጃ ይዘው እየፈለጉን ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ፈራሁ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ፍርዱ አጭር ሆነ፤ የትኬቱ ዋጋ ይመለስላት፣ ስለ ሌላው ጉዳት ግን ተከሳሹ ተጠያቂ አይደሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ የማይመለከተውን ሰው ስትረግም ኖራለች።

ከችሎት ስትወጣ ቢሻው ከግቢው ዛፍ ሥር ይጠብቃት ነበር።

«ይታይሽ፣ አላገባሁም። አንቺን ካሰብኩ በኋላ ሌላ ሴት ማየት አልቻልኩም። አሁን እንሂድ፤ ቤት ሠርቻለሁ።»

ያን በደጅ የወደደችውን ድምፅ አዳመጠች። አሁንም ትወደው ነበር። ያስከፋትም ይኸው ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወንጌል ባያስመቱህ ኖሮ ምን ትል ነበር?»

ረዥም ጊዜ ዝም አለ። ይኼኛው ዝምታ ምን እንደሚል ገባት።

«እሑድ ጧት ድረስ ጠበቅኳት እል ነበር» አላት በመጨረሻ።

«እኔም አምኜህ እከተልህ ነበር» አለች።

ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል ወደ አዛለች ቤት ወረደች። ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራው። ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶት ነበርና የሰማች አትመስልም ነበር፤ ግን ሰምታለች።