ጠግበናል የሚሉ ደጆች

በአርማዝ ምድር በዚያ ዓመት ገብሱ በወጉ በቀለ፣ በወጉም ዛላ አወጣ። ሲታጨድ ግን ነዶው እንደ ላባ ቀለለ፤ በየዛላው ውስጥ ገለባ እንጂ ፍሬ አልነበረም። ካህናቱ ደንግጠው መቅደሱን ሲከፍቱ እናት ዘር ከድንጋይ ሙዳይዋ ጠፍታለች። የአርማዝ ገበሬ ሁሉ ከመዝራቱ በፊት ዘሩን የሚያስባርከው በዚያች አንዲት ቅንጣት ነበር። ቁልፉ አልተሰበረም። ንጉሡ የሰረቃት የሰሜን ጠላት ነው ብሎ አወጀ፤ አባቶችን የበላው ጦርነትም ልጆችን መጥራት ጀመረ።

ማዕዶት የምትባል ወጣት ረሃብ ወደ ቤታቸው እንዴት እንደገባ ደረጃ በደረጃ አይታለች። መጀመሪያ ቁርስ ቀረ። ቀጥሎ በሬው ለሠራዊቱ ስንቅ ተነዳ፤ ላሟም ተሸጠች፤ የእህል ዋጋ ንሮ ስለነበር በእሷ የተገዛው ገብስ አንድ ወር እንኳ አልዘለቀም። ከዚያ እናቷ «ጎረቤት ቀምሻለሁ» ማለት አበዛች። ከዚያ ሳማ ተቀቀለ፤ በመጨረሻም ለዘር የተቀመጠው ተበላ። ትንሿ እህቷ ስንዱ መጫወት ተወች፤ ቆይታም ማልቀስ ተወች። ማዕዶትን ያስፈራት ይህ ሁለተኛው ነው።

ድስቱ ግን በየቀኑ ይጣድ ነበር። በአርማዝ ራበኝ ማለት ነውር ነው፤ ጭስ የማይወጣበት ቤት ይናቃል። ስለዚህ እናቷ ድንጋይ ትቀቅላለች፤ ደጅ ለቆመ ሁሉ «ተመስገን፣ ጠግበናል» ትላለች። ጠገብኩ ያለን ሰው መጠራጠርም ስድብ ነበር።

ካህናቱ እናት ዘርን ጥንት ለሰው የሰጠችው ቆልማ የምትባል ፍጥረት እንደሆነች፣ እሷም በሶረት ተራራ ላይ እንደምትኖር ይናገሩ ነበር። ማዕዶት የመቅደሱን ደፍ ይዛ ማለች፦ «እናት ዘርን ሳልይዝ የእናቴን ደጅ ብረግጥ መሬት አትቀበለኝ።»

ሊከተላት የተነሣው ድንበሩ የሚባል አንካሳ አሮጌ ወታደር ብቻ ነበር። ጀግና የተባለው፣ ሠራዊቱ ሲሸሽ አብሮ መሮጥ አቅቶት ከኋላ ስለቀረ እንደሆነ ራሱ እየሳቀ ይናገራል።

ያለፉባቸው መንደሮች ተቃጥለው ነበር፤ ሁለቱም ጦሮች ስለረገጧቸው የትኛው እንዳቃጠላቸው አይለይም። አመሻሽ ላይ ድንበሩ ስለ ስንዱ እየጠየቃት ከአቁማዳው ቆሎ እየዘገነ ይሰጣታል፤ እሱ ግን መንገድ ላይ መብላቱን ይነግራታል። እሷም እንደ ወጉ አልጠየቀችም።

በሶረት ጫፍ ያገኟት ቆልማ የበሬ ገላና የሽመላ አንገት ነበራት። ድንበሩ ጦሩን ቢነቀንቅባት በመንቆሯ ተቀብላ እንደ ስንጥር ወደ ጎን አኖረችው።

«ሌባ አይደለሁም» አለች። «እናት ዘር ከተራበ ጋር ታድራለች፣ ከጠገበ ቤት ትነሣለች፤ ሕጓ ይህ ነው። በለማኝ መልክ በአርማዝ ደጆች ሁሉ ቆሜ ርቧችኋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አዎ ያለኝ አንድ ቤት የለም።»

ማዕዶት ለማኟን አስታወሰቻት። የመለሰችላት ራሷ ነበረች፤ ከኋላዋ ድንጋዩ በፈላው ድስት ውስጥ ይንኳኳ ነበር። አሁን መልሱን ለመለወጥ አፏን ከፈተች፤ መልሳም ዘጋችው። በስተመጨረሻ መሬት መሬት እያየች «ርቦናል» አለች።

ቆልማ ቅንጣቷን በመንቆሯ አቀበለቻት። እናት ዘር የምትጓዘው በሰው ምላስ ላይ ብቻ ነው፤ የያዛት ሰው እስክትዘራ ድረስ አይበላም፣ አይናገርም። ከንፈሩን በውሃ ቢያርስ ይበቃዋል።

«እኔ አፌን ከዘጋሁ የምሞት ሰው ነኝ» አለ ድንበሩ። «አንቺው ያዢያት።»

በመልሱ መንገድ በእሷም ፈንታ እሱ አወራ። ማዕዶት ግን መቀነቱን በየማለዳው ይበልጥ ሲያጠብቅ አየች። አቁማዳውን አንሥታ ፊቱ ላይ ነቀነቀችው።

«ጠግቤያለሁ አልኩሽ እኮ» አለ። «ደግሞስ በምን አፍሽ ልትከራከሪኝ ነው?»

ቆሎ ዘግና መዳፉ ላይ አኖረችለት። ወደ አፉ አስጠግቶ ፊቱን አዞረ።

አርማዝ ከሩቅ ስትታይ ከየጣሪያው ጭስ ይወጣ ነበር። ድንበሩ ቋጥኝ ተደግፎ ተቀመጠና «እይው፣ ስንት ድንጋይ እየበሰለ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ማዕዶት ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው። ስሙን ብትጠራው እናት ዘር ትሞታለች። አልጠራችውም። አቁማዳውን ስትፈታ የዘገነችለት ቆሎ እንኳ ተመልሶ ነበር። ሁሉን የቆጠበው ለስንዱ ነው።

እናት ዘርን በእናቷ እርሻ ዳር ቀበረቻት። ከዚያም ደጁ ላይ ቆማ የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች፦ «ድንበሩ።» ጎረቤቶች ወጡ። አንዷ ምን እንደሆኑ ጠየቀች፤ እናቷ «ተመስገን፣ ጠግ…» ስትል ማዕዶት «ርቦናል» አለች፣ መንደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። ጠያቂዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ከዚያ ከማዶ ካለው ቤት አንዲት አሮጊት «እኛም» አሉ። ስንዱ ቆሎውን አንድ በአንድ ቆረጠመች፤ ሲያልቅ አለቀሰች። ማዕዶት ልቅሶውን እያዳመጠች ተቀመጠች።

ዘር የቀረው ለሌለው አካፈለ፤ በቀጣዩ መኸር ዛላው ፍሬ ያዘ። ንጉሡ መለከት አስነፍቶ የጦሩን ጀግኖች ሸለመ፤ ጦርነቱ ግን አልቆመም። ማዕዶት አዝመራው ከገባ በኋላም በየቤቱ ትዞራለች። «ጠግበናል» ይሏታል። መልሱን ሳታምን አልፋ ትገባለች፤ የድስቱን ክዳን ታነሣለች።