ከግድግዳው የወረደው ፎቶ

ቤሪል ወንድሟን ጎህ ሲቀድ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ወድቆ አገኘችው። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ደም የነካው ድንጋይ እግሩ ሥር ተጥሏል። አልጮኸችም። በቀጥታ የፖሊስ ኢንስፔክተሯ ሎርና ኪቲንግ ወዳደረችበት ክሊኒክ ሄዳ በሩን አንኳኳች።

ሟቹን ክላሪ እለዋለሁ፤ ትክክለኛ ስሙ ግን አይደለም። በእኛ በረሃ በሚኖሩት የአገሬው ጥቁር ሰዎች ዘንድ የሞተ ሰው ስም ለዓመታት አይጠራም፣ ፎቶውም ከዓይን ይሰወራል። ይህን ያህል ዘመን አብሬያቸው ኖሬ ይህቺን ካላከበርኩ ምኑን ኖርኩት?

ሎርና ትናንት በተሰረቀ መኪና ጉዳይ መጥታ እራት ከሰፈሩ ሰው ጋር በልታ ነበር ያደረችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የትም ብታድር ግድ የላትም፤ ቤት የሚጠብቃት ሰው የለም። አስከሬኑን ዞር ዞር ብላ አየችና ቤሪልን በክንዷ ደገፈቻት።

«እማማ፣ ማን ያውቃል?»

«እኔና አንቺ።»

«እስከ ቀትር ለቅሶውን ያዢልኝ። ጨካኝ ናት እንዳትይኝ።»

«በልጄ በዴዝመንድ ማሳበባቸው አይቀርም» አለች ቤሪል። «ትናንት ከአጎቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ያልሰማ የለም። እሱንም ከወሰዱብኝ ባዶ ቤት ታቅፌ መቅረቴ ነው፣ ልጄ።»

ሎርና ሽማግሌው የጠፋ አስመስላ መጠየቅ ጀመረች። ስሙን መጥራት አፏን መረራት፤ እሷም ከእነዚሁ ከአገሬው ጥቁሮች የተወለደች ናትና።

ዴዝመንድ ከአሮጌ ቶዮታ ሥር ተጋድሟል።

«ክላሪን አይተኸዋል?»

«ክላሪን?» ከመኪናው ሥር ሳይወጣ ሳቀ። «የማዕድን ኩባንያው ሥራ ይሰጠናል ስለው ‹እንግዲያው ከመሬቱ ጋር እኔንም አብረህ ሽጠኝ› ብሎኝ ሄደ። ክላሪ ሲያኮርፍ ውሻ እንኳ አይጠጋውም፣ እህቴ። ተይው፣ ሻይ ሲያምረው ይመጣል።»

የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ስቱዋርት ፔል ደግሞ ሸሚዙን እየቆለፈ ወጣ።

«ክላሪ ከሌለማ ስለ ማዕድኑ የተጠራው የዛሬው ስብሰባ አለቀለት። ለሕዝቡ የምናገረው አለኝ ብሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ ግን ፍንጭ አልሰጠኝም፤ ነገር መቋጠር ያውቅበታል።»

ሦስተኛ የጠየቀችው ግርሃም ሎክየርን ነው። ኩባንያዎች ከአገሬው ሰው ጋር በአክብሮት እንዲነጋገሩ የሚያሰለጥን አማካሪ ነው። እንግዳ ሲመጣ ‹ቁጭ በል፣ ዝም በል፣ አድምጥ› የሚለው እሱ ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ። ግድግዳው ላይ የሰፈሩ ሰዎች ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ መሃል ላይ ግን ቀዩ አቧራ ያልነካው ባዶ ቦታ አለ።

«ክላሪን አይተኸዋል?»

«ያንን ሽማግሌ? ከእራት በኋላ አላየሁትም።»

«ብቻህን አይከብድህም?»

«እዚህ ብቻዬን አይደለሁም» አለ ፈጥኖ። «ወንድም ብለው የቤተሰብ ስም ሰጥተውኛል።»

ቀትር ላይ ሁሉም በሱቁ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ሎርና ሞቱን ስትናገር ዴዝመንድ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ትናንት የተጣላው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን» አለ ፔል።

«ቀስ በል። ዴዝመንድ ዛሬ ጠዋት አጎቱን በስሙ እየጠራ አማልኝ። ሞቱን ቢያውቅ ኖሮ ያንን ስም ከሚጠራ ምላሱን ቢቆርጡት ይመርጥ ነበር። አንተም ጠርተኸዋል፤ ግን ልማዱን ስለማታውቅ በዚህ ብቻ ነጻ አትወጣም።» ወደ አማካሪው ዞረች። «ግርሃም፣ ትናንት እራት ላይ በስሙ ስትጠራው አመሸህ። ዛሬ ‹ያ ሽማግሌ› ሆነ።»

«ሽማግሌ ማለት ነውር ነው?»

«ነውር የለውም። ፎቶውን ግን ለምን አወረድክ? ጠዋት ቦታው ባዶ ነበር፤ ኋላ ክፍልህን ስፈትሽ ሻንጣህ ውስጥ በሸሚዝ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ያኔ መሞቱን የምናውቀው እኔና እህቱ ብቻ ነበርን። ማን ነገረህ? አስከሬኑን ቀድመህ አግኝተህ ቢሆን ደግሞ ወደ ቤሪል ትሮጥ ነበር።»

ግርሃም እጆቹን አየ።

«እኔ እኮ ነኝ የማስተምረው» አለ። «ስም አትጥሩ፣ ፎቶ አውርዱ እላለሁ። ሳላስበው አወረድኩት።»

«ምን ሊናገርብህ ነበር?»

«ወንዶቹ በምስጢር የሚጠብቁትን የተቀደሰ ቦታ ለፔል ካርታ ላይ አሳየሁት። እንዳይቆፍሩት ብዬ ነበር። ሽማግሌው ግን ‹ነገ በሕዝብ ፊት ወንድሜ አይደለህም እልሃለሁ› አለኝ። ከእናንተ ሌላ ማን አለኝ? ድንጋዩን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።»

ፔል አንገቱን ደፋ። ዴዝመንድ ተነስቶ እናቱ ጉያ ገባ። ያን ጊዜ ነው ቤሪል ያዘችውን እንባ የለቀቀችው፤ ሴቶቹም መሬት ላይ ተቀምጠው ለቅሶውን ጀመሩ።

ግርሃም ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እነሱ ተጠጋ።

«ወንድሜ ነበር። ትንሽ ልቀመጥ።»

ሴቶቹ ሳያዩት ተጠጋጉ፤ የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ። ቤሪል ብቻ ቀና አለች።

«ለእሱ እኛ አለንለት» አለችው። «ማንም የሌለህ አንተ ነህ።»

ሎርና ክንዱን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችው።