ዋና የማያውቀው ቀዛፊ

ሬሳው በግንባሩ ተደፍቶ በሐይቁ ዳር ባለው ደንገል መሐል ተሰንቅሮ ነበር።

ሲግኔ መጀመሪያ ውሃ የገፋው ጋቢ መሰላት። ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ እንዳለች ጋቢው ቀስ ብሎ ዞረ። ከሥሩ እጅ ወጣ። እጁን አወቀችው። ትናንት በበዓሉ ላይ ከበሮ ሲመታ የዋለ እጅ ነው።

ከውሃው ወደ ኋላ አለች።

ወደ መንደሩ ሽቅብ ሮጠች። ሰዎች ከየደጃቸው ወጥተው ሲያዩዋት እጇን ወደ ሐይቁ ዘረጋች።

ጊዜው 1998 ዓ.ም.፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ነበር። ከቁንዝላ ፊት ለፊት፣ ጣና ላይ ባለችው ወይራ ደሴት። ሲግኔ ከኖርዌይ በትምህርት ልውውጥ የመጣች ተማሪ ናት። የጣናን ዓሣ ልታጠና ከመስከረም ጀምሮ ደሴቷ ላይ ከርማለች። ስሟ ለምላስ ስላልተመቸ ደሴተኛው «ሲግነሽ» ይላታል። እሷም መልመዷን እንዲያውቁላት «አቤት» ትላለች።

ሟቹ ባዬ ነው። ሰውን በታንኳ ወደ ቁንዝላ የሚያደርስና የሚመልስ ቀዛፊ። ታንኳው ከሬሳው አጠገብ ተገልብጦ ይንሳፈፍ ነበር።

ደሴተኛው ባንድ አፍ ተናገረ። ውሃ በላው። ባዬ ዋና እንደማያውቅ የማያውቅ የለም። ሌሊቱን ጠጥቷል፤ ጎህ ሲቀድ ታንኳ ላይ ወጥቷል፤ ወድቋል። በቃ።

«ባዬ ዋና ያውቃል» አለች ሲግኔ።

የሰማት አልነበረም። ደግማ ተናገረች። ከቁንዝላ የመጣው ፖሊስ ብቻ ዞር ብሎ አያት።

የውጭ አገር ሰው ያለችበት ነገር ነውና ፖሊሱ ለበላዮቹ ስልክ ደወለ። ለሌላ ጉዳይ ቡሬ የነበረችው የፍኖተ ሰላሟ መርማሪ፣ ምክትል ኢንስፔክተር ሥርጉት፣ ከሰዓት በኋላ ደሴቷ ደረሰች። አጭር ሴት ናት። ከታንኳ ስትወርድ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ነበር።

ሬሳውን አየች። ከቀኝ ጆሮው ኋላ አጥንቱ ገብቷል።

«ውሃ እንዲህ አይመታም» አለች። ቀጥላ ፈረንጇን አስጠራች።

«ዋና ያውቃል ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ከማን ሰማሽ?»

«አልሰማሁም። አየሁት።»

«የት?»

«ከደንገሉ ወዲያ። ማለዳ ነበር፤ ሰው የለም። ያደግሁት ደሴት ላይ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ዋና ይማራል። ባዬ በደንብ ይዋኝ ነበር።»

«እሱስ አየሽ?»

«አየኝ። እጁን አፉ ላይ አደረገ። የሳቀ መስሎኝ ነበር።»

«እሺ» አለች ሥርጉት። «ማን ይጠላው ነበር?»

ለዚህ መልስ ለመስጠት ደሴቷ በሙሉ ዝግጁ ነበረች። ደጀኔ።

ደጀኔ ዓሣ አጥማጅ ነው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ላይ በትኖ፣ ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ አስክሮ ሲሰበስብ ባዬ ይዞት ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ተናግሮበታል። ማኅበሩም መረቡን ነጥቆታል። በበዓሉ ላይ አንገት ለአንገት ተያይዘው ሰው ነው የገላገላቸው። ደጀኔ ሲሄድ «ሐይቁ ያገናኘናል» ማለቱን ብዙዎች ሰምተዋል።

ሥርጉት አስቀርባ ጠየቀችው።

«ብለሃል ወይስ አላልህም?»

«ብያለሁ።»

«ምን ማለትህ ነበር?»

«የሰከረ ሰው ምን ማለቱ ይታወቃል?»

«ጎህ ሲቀድ የት ነበርህ?»

ደጀኔ አንገቱን ደፋ። «ቄስ ክንፈሚካኤል ቤት። እሳቸው ይንገሩሽ።»

ቄሱ የደሴቷ ደብር አስተዳዳሪ ናቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «ነገር እንዳያጠፋ ብዬ ከቤቴ አሳደርሁት። በር ላይ መኝታ አንጥፌ እኔው ተኛሁበት። ሬሳ ተገኘ ሲባል ቀስቅሼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔም እመሰክራለሁ።»

ከመንደሩ ሰው መሐል ማጉረምረም ተነሣ። ደጀኔ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? አንዳንዱ ሰው ፈረንጇን በጎን ማየት ጀመረ። በባዬ ታንኳ ስትሄድ ስትመጣ አልነበር? ማለዳ ለማለዳ ሐይቅ ዳር ምን ትሠራለች? ሲግኔ ዓይኖቹ ሲዞሩባት ታወቃት።

ሥርጉት ግን ዓይኗ ሌላ ነገር ላይ ነበር። የደሴቷ ታንኳዎች ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ አጠገብ ቆመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ታንኳ ደንገል ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ሥራ በፈታ ቁጥር አውጥተው ካላደረቁት ይከብዳል፣ ይበሰብሳል።

«በገብርኤል ዓሣ የወጣ ሰው አለ?»

«በገብርኤል?» አሉ ቄሱ። «ማን ደፍሮ።»

«ዛሬስ?»

«የቀበሌው ሊቀመንበር ሊያመለክት ሄዷል። ታንኳውም ከሱ ጋር ቁንዝላ ነው። ሌላው የት ሄዶ? ሁሉም ለቅሶ ላይ ነው።»

«እንግዲያ እነዚህ ሁሉ ደረቅ መሆን አለባቸው።»

ከፖሊሱ ጋር ተራ በተራ ያነሡ ጀመር። የመጀመሪያው እንደ ገለባ ተነሣ። ሁለተኛውም። ዳር ላይ ከቆመው ዘንድ ሲደርሱ ፖሊሱ አቃስቶ ለቀቀው። ከሥሩ ያለው አፈር ረጥቧል።

«የማን ነው ይሄ?» አለች ሥርጉት።

ሲግኔ ታንኳውን ታውቀዋለች። መቅዘፍ የተማረችው በሱ ነው። ያስተማራት ሰው ከኋላዋ ተቀምጦ «ቀስ፣ ልጄ፣ ውሃ አይቸኩሉበትም» እያለ ክርኗን ይይዝላት ነበር።

«የአባባ ወልደ ሥላሴ ነው» አለች። «እኔ የምኖረው እሳቸው ቤት ነው።»

ወልደ ሥላሴ የደሴቷ ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ የሚታረቀው በሳቸው አፍ ነው። እንግዳ የሚያርፈው እሳቸው ቤት ነው። አሁን እንኳ ለቅሶው ቤት ከፊት ተቀምጠው ሐዘንተኛውን የሚያጽናኑት እሳቸው ናቸው።

«ከባዬ ጋር ምን ነበራቸው?» ስትል ሥርጉት ቄሱን ጠየቀች።

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ያለቀ ነገር ነው።»

«ያለቀውን ይንገሩኝ።»

«አሸናፊ የሚባል ልጅ ነበራቸው። አንድ ልጅ። ካቻምና በክረምት ከባዬ ጋር ሲሻገሩ ማዕበል ታንኳውን ገለበጠው። ባዬ ታንኳው ላይ ተንጠልጥሎ ተረፈ። ልጁ ከፊቱ ሰጠመ። ባዬ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃቸው ወደቀ። ዋና አላውቅም፣ ባውቅ አልተወውም ነበር ብሎ ወንጌል ይዞ ማለ። ድንጋዩን ከትከሻው ያወረዱለት ራሳቸው ወልደ ሥላሴ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ካንድ ሞሰብ ይበሉ ነበር።»

ሥርጉት ወደ ሲግኔ ዞረች። ቀረብ አለቻት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባዬ ሲዋኝ ማየትሽን ለማን ተናገርሽ?»

ሲግኔ መልሱ ከአፏ ሳይወጣ ገባት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እራት ላይ» አለች። «በበዓሉ ዋዜማ። እማማ እህተ ማርያም እና አባባ ነበሩ። አማርኛዬ ተሻሽሏል ብለው ሲያመሰግኑኝ፣ ደስ ብሎኝ፣ አንድ ረጅም ነገር ልናገር ብዬ… ባዬ እንደ ዓሣ ይዋኛል አልሁ።»

«ምን አሉ?»

«እማማ ወጥ ጨመሩልኝ። አባባ አልበሉም። ጾም ስለሆነ የደከማቸው መሰለኝ።»

ለቅሶው ቤት ሲደርሱ ሴቶቹ ሙሾ ያወርዱ ነበር። ወልደ ሥላሴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ባለቤታቸው እህተ ማርያም። የሟች ሚስት እናኑ ወገቧን በነጠላ አስራ ከሴቶቹ መሐል ቆማለች።

«አባቴ፣ አንዴ ይነሡልኝ» አለች ሥርጉት።

«እዚሁ ጠይቂኝ።»

«ዛሬ ማለዳ የት ነበሩ?»

«ቤታቸው ነበሩ» አለች እህተ ማርያም ቀድማ።

«እሳቸውን ነው የጠየቅሁት።»

ወልደ ሥላሴ ሚስታቸውን በእጃቸው ዝም አሰኟት። «ተያት፤ ለኔ ብላ ነው። ማለዳ ሐይቅ ላይ ነበርሁ። መረቤ ተጠልፏል፣ ና አግዘኝ ብየ ባዬን ቀስቅሼ በኔ ታንኳ ይዠው ወጣሁ።»

ሙሾው ቆመ።

«መሐል ስንደርስ ጠየቅሁት። ዋና ታውቃለህ ወይ? አልሁት። ዝም አለኝ። ሁለተኛ ጠየቅሁት። አዎ፣ ግን ይስሙኝ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። በመቅዘፊያው መታሁት። የሱን ታንኳ ከደንገሉ ዳር አምጥቼ የገለበጥሁትም እኔ ነኝ።» ዕንባ የለባቸውም። «ወንጌል ይዞ ማለልኝ። ልጄ እጁን ዘርግቶ ሲጠራው እየዋኘ ሊያወጣው ሲችል ዝም ብሎ አይቶታል። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ በእጄ አጎረስሁት። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?»

ከሴቶቹ መሐል እናኑ ወጣች። አላለቀሰችም። ከፊታቸው መጥታ ቆመች።

«ይስሙኝ ያለዎትን እኔ ልንገርዎ?»

ሽማግሌው ቀና አሉ።

«ያን ጊዜ ዋና አያውቅም ነበር። አልዋሸዎትም። አሸናፊ ከሞተ በኋላ እንቅልፍ እንቢ አለው። ሁለተኛ ሰው ከፊቴ ውሃ አይበላብኝም አለ። ቁንዝላ ላይ ይርሳው የሚባል በደርግ ጊዜ ባሕር ኃይል የነበረ ሰው አለ። እሱ ዘንድ እየሄደ ነው አምና የተማረ። ሰው እንዳያየው በማለዳ እየወጣ ነበር የሚለማመድ።»

«ለምን ደበቀኝ?» አሉ።

«ምን ይበልዎት? ልጅዎ ከሞተ በኋላ ዋና ለመድሁ ይበልዎት? አፈረ። ሐዘንዎን እንዳይቀሰቅስ ፈራ።»

ወልደ ሥላሴ ሊነሡ ሞከሩ። ተመልሰው ተቀመጡ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፤ ከሥሩም ሰው ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ ወጣ። እህተ ማርያም ልትይዛቸው እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

ሥርጉት ጥቂት ታገሠቻቸው። ከዚያ በክንዳቸው ይዛ አነሣቻቸው። ወደ ሐይቁ ሲወርዱ የተከተለ ሰው አልነበረም። ይርሳውን ቁንዝላ ላይ አግኝታ ጠየቀችው። ከአምና ኅዳር ጀምሮ እንዳስተማረው፣ ባዬ መጀመሪያ ውሃ ጉልበቱ ድረስ ሲደርስ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ነገራት።

ሲግኔ አልሄደችም። ሥርጉት ከኛ ጋር ተሻገሪ ብላት ነበር። እንቢ አለች። ሰው ሲበታተን ጠብቃ እናኑ ዘንድ ቀረበች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ለአባባ ያወራሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አላወቅሁም ነበር። ዋና ጥሩ ነገር ነው ብዬ…»

«አንቺ ያየሽውን ተናገርሽ» አለች እናኑ። «እሳቸው ያላዩትን ፈረዱ። ይሄን ልቤ ያውቃል። ዓይኔ ግን ዛሬ አንቺን ማየት አይችልም። ሂጂልኝ።»

ሲግኔ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። ያደረችበት ቤት አሁን ቤት አይደለም። ከለቅሶው ቤት ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ማልቀስም አቃታት።

ከደሴቷ ሌላኛው መንደር አልቃሾች እየመጡ ነበር። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት አሮጊት ከፊት ይመሩ ነበር፤ ደጁ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፈረንጇን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ራሷ አልተሸፈነም። ከትከሻቸው ተርፎ የተንጠለጠለውን ነጠላ አንሥተው ራሷ ላይ ጣል አደረጉላት፤ በክንዷም ይዘው ከጎናቸው መሬት ላይ አስቀመጧት።

ከዚያ ሙሾውን ጀመሩ።