ከወለሉ ሥር የቀሩት

የምታምኑኝ አንብቡ። የማታምኑኝም አንብቡ። እኔ ራሴ በዚህ በቀኝ እጄ ባልነካው ኖሮ፣ ሌላ ሰው ቢያወራልኝ «አይ የሰው ወሬ!» ብዬ ስቄ አልፈው ነበር።

ነገሩ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ... በማግስቱ ጠዋት ሊፈርስ በተወሰነ አሮጌ ቤት ውስጥ።

እኔና አክስቴ የተጣሉ ድመቶች እንሰበስባለን። አክስቴ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስትወጋ ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ ፊቷን ወደ ድመት አዞረች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግን እሷ «ነይ» ካለች እምቢ ማለት የሚባል ነገር የለም።

ድመቶቹን በሳጥን ወጥመድ እንይዛቸዋለን። ሐኪሙ ያመክናቸዋል። ከዚያ ወይ ቤት እንፈልግላቸዋለን፣ ወይ ወደ ሰፈራቸው እንመልሳቸዋለን።

ድመት ሳጥን ውስጥ እንደገባች ወዲያው ብርድ ልብስ ጣል እናደርግባታለን። ጨለማ ሲሆንባት ትረጋጋለች። እኛም ሳናያት ተሸክመናት እንሄዳለን።

ሳናያት... ጉዱም የመጣው ከዚህ ነው።

ቤቱ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ የአንዲት አሮጊት ነው። ሰፈሩ «እማማ ኑ ኑ» ይላቸው ነበር። ድመቶቻቸውን የሚጠሩት «ኑ... ኑ ልጆቼ... ኑ ውጡ» እያሉ ስለሆነ ነው። ይህን ሲሉ ከጣራው፣ ከአጥሩ፣ ከየቀዳዳው ድመት ይዘንብ ነበር። አንድ ቀን ነገሩ አስቆኝ በስልኬ ቀረጽኳቸው።

በየሳምንቱ የድመት ምግብ እንወስድላቸዋለን። በር ላይ አቀብለናቸው እንሄዳለን።

«ግቡ እንጂ፣ ትንሽ ተቀመጡ» ይሉናል።

ሁልጊዜ እንቸኩላለን።

አንድ ሳምንት በሩ አልተከፈተም። አንኳኳን፣ ጠበቅን፣ ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጠን ሄድን። እማማ ሞተው የተገኙት ከዚያ በኋላ በአራተኛው ቀን ነው። መኝታ ቤት ወድቀው መነሳት አቅቷቸው፣ ወለሉ ላይ ሁለት ቀን ያህል በሕይወት ቆይተዋል ተባለ።

እኛ በሩን ያንኳኳን ቀን አልሞቱም ነበር።

ይህን አክስቴ አንስታው አታውቅም። እኔም አላነሳሁባትም። ግን ሁለታችንም የእማማን ድመቶች አንድ ሳናስቀር ለማውጣት ቆርጠን ተነሳን። አንድ እንኳ ቢቀር ምን ፊት ይኖረናል?

ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቤቱ ሊፈርስ ሆነ። ወጥመድ አጠመድን፣ ስምንቱንም ድመቶች ያዝን። ተገላገልን ብለን እጃችንን ታጥበን ከተቀመጥን በኋላ፣ ከሁለት ቀን በላይ ቆይቶ የሐኪሙ ስልክ መጣ።

«እትዬ፣ ይቺን ግራጫዋን ላመክናት ሆዷን ስላጭ... ጡቷ ወተት ነው።»

«ምን አልክ?»

«አራስ ናት እኮ! ልጆቿስ የት አሉ?»

አክስቴ ስልኩን እንደያዘች ቁጭ አለች። እናትን በብርድ ልብስ ሸፍነን ወስደናት፣ ልጆቿ ወተት ሳያገኙ ሁለት ቀን ከግማሽ ሆኗቸዋል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ዶዘር ይገባል።

ግራጫዋን ከነሳጥኗ ይዘን በረርን።

የአፍራሾቹ ፎርማን በሩን እየቆለፈ አገኘነው።

«ለድመት ነው?» አለ። «እኔ ለሰው እንኳ ቀጠሮ አላራዝምም።»

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ...» አለች አክስቴ።

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ከዚያ እቆልፈዋለሁ።»

ገባን። ቤቱ ባዶ ነው። መስኮቱ ተነቅሎ ፀሐይዋ እስከ ውስጥ ድረስ ትገባለች። አክስቴ ኩሽናውንና ጓሮውን ያዘች። እኔ ግራጫዋን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ።

መኝታ ቤቱ... እማማ የወደቁበት ነው።

ወለሉ የጣውላ ነው። ጥግ ላይ ጣውላው ተሰብሮ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ሳጥኑን አጠገቡ አስቀምጬ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። እናት ከጮኸች ልጆች ይመልሳሉ፣ ልጆች ከመለሱ ቦታቸው ይታወቃል። ግራጫዋ ግን እንደ ድንጋይ ዝም አለች።

አምስት ደቂቃ... አሥር ደቂቃ... ምንም።

ያን ጊዜ በስልኬ የቀረጽኩት ድምፃቸው ትዝ አለኝ። የእማማን ድምፅ ከሰማች ትመልስ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሞኝነቴን አያችሁ? የሞተ ሰው ድምፅ፣ በሞተበት ክፍል ውስጥ!

ከፈትኩት።

«ኑ... ኑ ልጆቼ... ኑ ውጡ...»

ግራጫዋ ብድግ አለች። ግን ስልኩን አላየችም። አንገቷን ደፍታ ወለሉን ትኩር ብላ አየች። ከዚያ ረዘም አድርጋ ጮኸች።

ከጣውላው ሥር ቀጫጭን ድምፆች መለሱ!

«እቴቴ!» አልኩ። «አሉ! በሕይወት አሉ!»

አክስቴ ካርቶን ይዛ እየሮጠች መጣች። በሆዴ ተኝቼ እጄን በቀዳዳው እስከ ትከሻዬ ከተትኩ። ጣቶቼ የሚሞቅ ነገር ነኩ። አንዱን አወጣሁ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። እንባዬ እየወረደ እስቃለሁ።

አክስቴ አልሳቀችም።

አንዱን ግልገል መዳፏ ላይ ገልብጣ ሆዱን ትዳስሳለች።

«ምነው?» አልኳት።

«ጠግቧል» አለች በሹክሹክታ።

«ምን?»

«ሆዱ ሙሉ ነው። ሁለት ቀን ያልጠባ ሆድ አይደለም ይሄ። እይው... አፉ ላይ።»

የግልገሉ አፍ ዙሪያ ነጭ ወተት ነበር። ገና አልደረቀም።

«ሌላ ድመት ይኖር ይሆናል...»

«ስምንቱንም ይዘናል» አለች።

አራተኛውን አወጣሁ። እሱም ጠግቧል። ፀጉሩ ተልሶ ሳይሆን... በማበጠሪያ የተበጠረ ይመስል ወደ አንድ ወገን ተኝቷል።

«ያን ስልክ አጥፊው» አለች አክስቴ።

ስልኬን አየሁት። ቀረጻው አልቋል። ስክሪኑ ጨልሟል።

«...ኑ ልጆቼ...»

ድምፁ ግን አለ።

ከስልኩ አይደለም። ከጣውላው ሥር ነው... ልክ ሆዴ ካረፈበት በታች።

«ውጪ» አለችኝ አክስቴ። «ተነሺ እንውጣ።»

ልነሳ ስል አንድ ግልገል ጮኸ። አምስተኛ። እዚያው ታች ቀርቷል።

ምን ላድርግ? ለዚሁ አይደል የመጣነው? እጄን መልሼ ከተትኩ። ወደ ግራ ዳበስኩ፣ ወደ ቀኝ ዳበስኩ፤ አፈር ብቻ ነው። እጄን እስከምችለው ዘረጋሁና መዳፌን ከፈትኩ።

«ተቀበይ» አለኝ ያው የታችኛው ድምፅ።

ግልገሉ መዳፌ ላይ ተቀመጠ።

አልያዝኩትም። ተቀመጠልኝ። ከዚያ ቀዝቃዛ ጣቶች መጥተው፣ እንዳይወድቅ ብለው፣ የእኔን ጣቶች አንድ በአንድ በላዩ አጠፏቸው።

እጄን አወጣሁ። አክስቴ ግልገሉን ነጥቃኝ ካርቶን ውስጥ ከተተችው። አምስት። ከዚያ በኋላ ሌላ ጩኸት አልተሰማም። መሄድ ነበረብን።

ግን እጄ... አሁንም ለምን እንደሆነ አላውቅም... ሰው ሲያቀብላችሁ አመሰግናለሁ ለማለት እጅ እንደምትዘረጉ፣ ተመልሶ ገባ።

ያዙኝ።

በኃይል አይደለም። የታመመ ሰው ሊጠይቀው የመጣውን እንደሚይዘው፣ ለቀቅ አድርገው፣ ግን በሁለት እጃቸው።

«እኔንስ?»

እንዲህ ብቻ ነው ያሉት። አክስቴም ሰምታለች። ካርቶኑን አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ ስታለቅስ አየኋት። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ስንት ሰው እጇ ላይ ሞቷል፤ እንዲያ ስታለቅስ ግን አይቻት አላውቅም።

ብጎትት ይለቁኝ ነበር። አላስቻለኝም። ግን እዚያ መቆየትም አላስቻለኝም። አፌ የመጣለትን ተናገረ።

«እንመለሳለን እማማ። አሁኑኑ እንመለሳለን።»

ወዲያው ለቀቁኝ።

አመኑኝ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሳጥኑንና ካርቶኑን ይዘን ወጣን። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ፎርማኑ ሲቆልፍ ሁለታችንም ቆመን አየነው። ምን ይባላል? «ቁልፉን ስጠን፣ እታች ሰው ቀርቷል» ይባላል?

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ አክስቴ በሬን አንኳኳች። ለብሳ፣ ለጣውላ መፈንቀያ የሚሆን ረጅም ብረት ይዛ።

«ተነሺ» አለች። «ጣውላውን እናነሳዋለን።»

ስንደርስ ዶዘሩ ቀድሞናል። ግድግዳው ወርዷል፣ የመኝታ ቤቱ ወለል ተነቅሎ ጎን ላይ ተከምሯል። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ከበው ቆመዋል። ፎርማኑ ሲያየን ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት ነበር።

«እናንተ... ትናንት እዚህ ሌላ ሰው ይዛችሁ ገብታችሁ ነበር?»

ከበባውን ገፍተን ገባን።

ከጣውላው በታች ያለው አፈር ጥቅጥቅ ብሎ የተረገጠ ነው። ከውጭ ድመት ቀርቶ አይጥ የምትገባበት ክፍተት የለውም። አንድ ቦታ ብቻ ጎድጉዷል። በጎኑ የተኛ ሰው ቅርጽ ነው... ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ። ሆዱ ጋ አምስት ትንንሽ ጉድጓዶች ተደርድረዋል።

አክስቴ ተንበረከከች። እንደ ነርስነቷ የእጇን ጀርባ አፈሩ ላይ አሳረፈችና ቶሎ አነሳችው።

«ይሞቃል» አለች።

እኔ ግን የማየው ክንዱን ነበር። ክንዱ ከሌላው ቅርጽ ተለይቶ፣ ትናንት እኔ ወደተኛሁበት ጥግ እስከ መጨረሻው ተዘርግቷል። ጫፉ ላይ የመዳፍ ቅርጽ አለ፤ ጣቶቹ ተከፍተው ወደ ላይ ይጠብቃሉ።