ከመድረኩ ሥር ያለችው እትዬ ዘርፌ

ተቀመጡ፣ ተቀመጡ! መብራት ሄደ ብሎ ቴአትር ጥሎ የሚወጣ ምን ዓይነት ተመልካች ነው? እስኪመጣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተረት አይደለም፤ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ስልክህን አጥፋ። ይሄ ወሬ ጨለማ ይወዳል።

ድሮ ነው። በጣም ድሮ። ጀምበር የጠለቀችበት፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ የገባበት ሰዓት ነው። ከገበያው ወደዚህ አዳራሽ የሚያመጣውን መንገድ ታውቁት የለም? በጽዶቹ መሃል የሚያልፈውን? በዚያ መንገድ አንድ ሰው ፋኖስ ይዞ ይመጣል። ብቻውን! ማን ነው? ወልደየስ ነው።

ወልደየስ የዚህ መድረክ ንጉሥ ነበር። ቁመናው ያምራል፣ ድምፁ ጣራ ያነቃንቃል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው፤ የሚናገረውን አያጠናም። አንድም መስመር! ታዲያ እንዴት ይጫወት ነበር? እዚህ እግሬ ሥር አንዲት ጉድጓድ አለች። እዚያ ውስጥ እትዬ ዘርፌ ትቀመጥ ነበር። ሥራዋ ለተዋናዩ ቃል ማስታወስ ነው። ጥርሷን ስለሚያማት ቅርንፉድ ታኝካለች፤ እህ፣ እህ ብላ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ከዚያ ታንሾካሹካለች። እሷ «ጠላቴ፣ ወዴት አለህ?» ስትል፣ እሱ «ጠላቴ፣ ወዴት አለህ!» ብሎ ያገሳል። ጭብጨባው ለማን? ለወልደየስ። ለእትዬ ዘርፌስ? አቧራው።

ሞተች። ቀብሯ ላይ «ባልደረባዋ ሁለት ቃል ይበልልን» ተባለ። ወልደየስ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። «እትዬ ዘርፌ...» አለ። «እትዬ ዘርፌ...» ብሎ ደገመ። ሌላ የለም። ማን ይንገረው? የምትነግረውማ ሳጥን ውስጥ ተኝታለች! አንጀት ይበላል እኮ፣ አትሳቁ።

ታዲያ ያን ምሽት ምን ሊሠራ መጣ? ይህን አዳራሽ የሚያስፈርስበትን ንግግር ሊለማመድ! አዳራሹን መጀመሪያ አንድ ደጃዝማች ግብር ሊያበላበት አሠራው። ከዚያ ፍርድ ቤት ሆነ፣ ከዚያ የእህል መጋዘን። ሰው ሲጠግብበት፣ ሰው ሲፈረድበት፣ አይጥ ሲሰባበት ኖሮ ነው ለእኛ ለቴአትረኞቹ የደረሰን። አንድ ነጋዴ ደግሞ አፍርሶ ፎቅ ሊያቆምበት ፈለገ። ወልደየስ ያን ጊዜ የአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። እሱ ሕዝብ ፊት ቆሞ «ይፍረስ» ካለ አለቀ፤ የዚህ አገር ሰው ያን ድምፅ ሰምቶ እምቢ ብሎ አያውቅም። ለውለታውም ከፎቁ ምድር ቤት አንድ ሱቅ ይሰጠዋል። ንግግሩን እንኳ ነጋዴው ነው አስጽፎ የሰጠው።

ገባ። ፋኖሱን አስቀመጠ። ወረቀቱን ዘረጋ። «የተከበራችሁ ወገኖቼ!» አለ። ያኔ አንድ ነገር ሸተተው። ምን? ቅርንፉድ። «መጋዘን የነበረ ቤት፣ የማይሸትበት ነገር የለም» አለ። እንደገና «የተከበራችሁ...» ሲል ከእግሩ ሥር፦ እህ፣ እህ። «አይጥ ነው» አለ። አይጥ ጉሮሮውን ይጠርጋል እንዴ? አፉን ሊከፍት ሲል ከጉድጓዷ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ተሳስተሃል፣ ወልዴ። እንደሱ አይደለም የሚባለው።»

በስመ አብ! ፋኖሱንም ወረቀቱንም ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

በማግስቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ስብሰባው ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ነጋዴው ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ፊት ወንበር ተቀምጧል። ወረቀቱስ? ሌሊቱን አይጥ በልቶታል። አይጥም ነበረ ለካ! ወልደየስ ከጉድጓዷ ሊርቅ አስቦ ነበር፤ እግሩ ግን ለምዶበት ወስዶ እዚያው ገተረው።

«የተከበራችሁ ወገኖቼ! ይህ አዳራሽ...»

ጠፋበት። ሰው ይጠብቃል። ቅርንፉድ ሸተተ። እህ፣ እህ።

«አይፈርስም።»

ምን ያድርግ? ዕድሜ ልኩን ከሥር የመጣለትን ሲያገሳ የኖረ ሰው ነው! «አይፈርስም!» አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

«ይፍረስ እንድል አንድ ሱቅ ቃል ተገብቶልኛል።»

«ይፍረስ እንድል አንድ ሱቅ ቃል ተገብቶልኛል!»

አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ምን ዋጋ አለው፣ ወጥቷል! ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እሱ ግን ያን ቀን ጠላ እንኳ አልቀመሰም። ነጋዴው ባርኔጣውን ደፍቶ ውልቅ አለ። ሕዝቡ ግን «አይ ጀግና! ጉቦውን ራሱ አጋለጠ!» ብሎ አበደ። ከሥር አንድ ቃል ቀርቶ ነበር። «ይህን ሁሉ ያለችው ዘርፌ ናት» የሚል። ወልደየስም ብሎታል፣ አልዋሽም። ግን ማን ይስማው? በጭብጨባው ተዋጠ፤ እሱንም በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ።

ስትገቡ በሩ ላይ ያለውን እምነበረድ አላነበባችሁም? «ይህን አዳራሽ ከመፍረስ ያዳነው ወልደየስ» ይላል። ስለ እሷ? አንዲት ፊደል የለችም። እኔን ያቃጥለኛል። እሷንማ...

ምን አልሽ፣ ልጄ? ጮክ በይ። «ያን ምሽት ብቻውን ከነበረ፣ የመጨረሻውንም ቃል ማንም ካልሰማው፣ አንተ በምን አወቅህ?»

እኔ? እኔ ምን አውቄ! እኔም ሳላጠና ነው የወጣሁት። ከሥር የሚነግሩኝን ነው የምላችሁ።

አልሸተታችሁም?

ቆይ... እህ?... እሺ፣ እትዬ።

በሉ እጃችሁን አዘጋጁ፣ ፊት ወንበር ያላችሁ ደግሞ እግራችሁን ሰብስቡ። እስከዛሬ አንድም ቀን አልተጨበጨበላትም። ልትወጣ ነው።