የኦስሜል ከበሮ

«ምን ይታይሻል?» አሉ ዶን ሲክስቶ።

ዳይማራ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቀች። የአያቷ የሥራ ክፍል በሩም መስኮቱም ተዘግቶ፣ ገና በቀን ጨልሟል። ወለሉ ላይ የእጅ ባትሪ በርቶ ቆሟል፤ የኦስሜል ኮንጋ ከበሮ ደግሞ በላዩ እንደ ቆብ ተደፍቶበታል። ብርሃኑ ከበሮው ሆድ ውስጥ ታፍኖ፣ ከላይ የተወጠረው ቆዳ ብቻ የማር ቀለም ይዞ ይታያል።

ጎንበስ ብላ ከበሮውን ዞረችው። ጣውላዎቹ የተገናኙበትን መስመር አንድ በአንድ በዓይኗ ተከተለች።

«እንጨቱ ምንም አያሳልፍም» አለች። «የመርፌ ቀዳዳ እንኳ የለውም።»

«ስቱኮስ? ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ የደፈነው ቦታ የለም?»

«የለም። እንጨት ከእንጨት ነው የተጋጠመው።»

ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ኦስሜል የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። ይህን ከበሮ ለመሥራት ወራት ፈጅቶበታል። እንጨቱን ያገኘው በዝናብ ከተደረመሰው ቤታቸው ጣሪያ ነው፤ ሰው ፍርስራሹን ለማገዶ ሲሻማ እሱ የዝግባ ማገሮቹን እየለየ በጀርባው ተሸክሟል። እሱና እናቱ አሁን በሰው ቤት ኮሪደር ላይ ነው የሚያድሩት። የሰፈሩ የከበሮ ቡድን ለትርኢት ወደ ሜክሲኮ ሊሄድ ነው፤ የራሱ ከበሮ ያለው አንድ ልጅ ይፈልጋል። ቡድኑ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ ከበሮውን ዶን ሲክስቶ ይዩት።

በማታንሳስ ከተማ የዶን ሲክስቶ ፍርድ ሁለት ዓይነት ነው። «ይናገራል» ካሉ ከበሮው ዋጋ አገኘ ማለት ነው፤ «ለማገዶ» ካሉ ሠሪው ሰው እንዳያየው በጓሮ በር ይወጣል። ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈነው ወዲህ ግን የሚፈርዱት በሁለት ሰው አካል ነው። ጆሮና እጅ የሳቸው፣ ዓይን የልጅ ልጃቸው የዳይማራ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ያለውን ታያለች፣ ያየችውን ትናገራለች። እስከዛሬ ጠይቀዋት ዋሽታ አታውቅም፤ እሳቸውም ደግመው ጠይቀዋት አያውቁም።

«ቆዳውንስ?» አሉ።

ዳይማራ ቀና ብላ ቆዳውን ከላይ አየችው። የአከርካሪው መስመር መሀል ለመሀል አልፏል፤ ደንበኛ አወጣጠር ነው። ወደ ጠርዙ ደግሞ፣ ከብረቱ ቀለበት አጠገብ፣ ብርሃኑ የማያልፍበት አንድ ጥቁር መስመር አለ። እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው። ጫፉ ላይ ሦስት ነጥቦች ተደርድረዋል።

ፊቷን ወደ ቆዳው አስጠጋች።

ያን መንጠቆ ታውቀዋለች። ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ጀርባ የሰፈሩ ውሃ አመላላሽ የአጎቴ ነሜሲዮ በቅሎ ፓሎማ እሾሃማ ሽቦ ውስጥ ገብታ ስትንፈራገጥ፣ ጭንቅላቷን አቅፋ የያዘችው እሷ ነበረች። ሽቦውን በጉጠት የቆረጠው ኦስሜል ነው። ሽማግሌው የተቀደደውን ጎኗን በዓሣ ማጥመጃ ክር እየሰፉ፣ «ቻይ የኔ እመቤት፣ ቻይ» ሲሏት ሁለቱም ልጆች አልቅሰዋል። ሦስቱ ነጥቦች የሳቸው ስፌት ናቸው።

ፓሎማ ከክረምቱ በፊት ከበረቷ ተሰርቃለች።

ዶን ሲክስቶ ቆዳውን በአውራ ጣታቸው መሀሉ ላይ እያሹ ነበር። «የበቅሎ ነው» አሉ። «ከየት አገኘኸው አንተ ልጅ?»

«ካማጉዌይ ከተማ ያለው አጎቴ ነው የላከልኝ ዶን ሲክስቶ» አለ ኦስሜል። «በቅሎዋ አርጅታ ነው የሞተችው።»

«ያረጀች እንስሳ ቆዳ ይደርቃል። ይቺ ጉልበቷ ላይ ነበረች።» ጣታቸው ቆመ። የተሰረቀ ቆዳ በየሰፈሩ እንደሚዞር ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለው ላይ ፈርደው አያውቁም። «ዳይማራ፣ ምልክት አለው? የማህተም፣ የቁስል?»

ኦስሜል በጨለማው ውስጥ አያት። ዓይኑ ብቻ ነው የለመነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዳቦውን ያካፈላት ልጅ ዓይን።

«ንጹህ ነው» አለች ዳይማራ።

«ጥሩ።»

ይኸው ነው፤ ጥሩ አሉና አመኗት። ባትሪው ጠፋ፣ መስኮቱ ተከፈተ። ዶን ሲክስቶ ከበሮውን በጉልበታቸው መሀል አቅፈው፣ የቀኝ መዳፋቸውን አንስተው አንድ ጊዜ መቱት። ድምፁ ወፍራምና ሞቃት ሆኖ ወጣ፤ የዕቃ መደርደሪያው ላይ ያሉት ቡሎኖች ተንቀጫቀጩ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

«ይናገራል» አሉ። «ቀለም አለመቀባትህንም ወድጄዋለሁ። ብዙ ቀለም የተቀባ ከበሮና ብዙ የሚምል ሰው፣ የሆነ ቦታ ላይ ተሰንጥቀዋል። ይደር፤ ነገ ጠዋት ብረቱን አግዬ ማህተሜን ውስጡ አሳርፍበታለሁ።»

ዳይማራ ኦስሜልን ተከትላ ወጣች። ቤቱን ዞረው፣ ልብስ የተሰጣበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሲደርሱ እጅጌውን ይዛ አስቆመችው።

«አንተ ነህ ያረድካት?»

«እብድ ነሽ እንዴ? እኔ?» ፊቱ አመድ መሰለ። «በጆንያ ተጠቅልሎ የመጣልኝን ቆዳ ነው የገዛሁት። ግራጫ በቅሎ ስንት አለ፤ በምን አውቃለሁ?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... በኖራ ዘፍዝፌ ፀጉሩን ስፍቀው...» መዳፉን ገልብጦ አየ። ሽቦው ያን ቀን እሱንም ቆርጦት ስለነበር መዳፉ ላይ ነጭ ጠባሳ አለ። «አወቅኋት።»

«አውቀሃትም ወጠርካት!»

«ቀለበቱ ይሸፍነዋል ብዬ ነበር። ሲደርቅ ተሳበ።»

ዳይማራ ይህን ስትሰማ ቁጣዋ ባሰ። ሲወጥራት ያሰበው ነገር ቢኖር ጠባሳውን የት እንደሚደብቅ ነው።

«አጎቴ ነሜሲዮ እኮ እየፈለጓት ነው ኦስሜል! በየገጠሩ በእግራቸው እየዞሩ!»

«እና እኔ ስናገር ከሞት ትነሳለች?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከማን ገዛህ ይሉኛል። ስም ከጠራሁ ሰዎቹ አይምሩኝም። ካልጠራሁ ደግሞ ሌባው እኔው ነኝ። እዚህ አገር በቅሎ ያረደም የገዛም ስንት ዓመት እስር እንደሚከናነብ ታውቂያለሽ። ቡድኑም ትቶኝ ይሄዳል፣ የቤት ኪራይ የማገኝበት መንገድ ይዘጋል፤ እናቴም እዚያው ኮሪደር ላይ ትቀራለች። ሌላ ቆዳ ታመጪልኛለሽ? አታመጪም። እንግዲህ አታካብጂ ባክሽ።»

«እያካበድኩ አይደለም።»

«ደግሞም» አለ ዞር ብሎ ሳያያት፣ «ንጹህ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አላልኩም።»

ጥሏት ሄደ። ዳይማራ ከተሰጣው አንሶላ ሥር ቆማ ቀረች። የተናገረው እውነት ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቷ ለዳቦ ልካት ስትመለስ፣ ልታያቸው የማትፈልጋቸውን ሰው ዳገቱ ላይ አገኘቻቸው። አጎቴ ነሜሲዮ የውሃ በርሜል የጫነውን ጋሪ ራሳቸው በቅሎዋ ቦታ ገብተው እየጎተቱ ነበር። የጋሪው ገመድ ሸሚዛቸውን አልፎ ትከሻቸውን በልቶታል። ከጎማ በተሠራው ጫማቸው ውስጥ ተረከዛቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ላይ ደም አለ።

ሳትጠየቅ ከኋላ ገፋችላቸው። በራቸው ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ቁና ቁና እየተነፈሱ ሳቁ።

«ተመስገን፣ አንድ በቅሎ ቢሄድብኝ ሌላ ሰጠኝ» አሉ። «ትንሽ ቀጠን ትያለሽ እንጂ!»

መሳቅ አቃታት። በራቸው አጠገብ፣ ፓሎማ ትታሰርበት ከነበረው ግንድ ሥር፣ ውሃ የሞላ ባልዲ ተቀምጧል። ሽማግሌው ዓይኗን ተከትለው አዩት።

«በየጠዋቱ እለውጠዋለሁ። ያደረ ውሃ አትጠጣም፤ የሚኒስትር ሚስት ናት እኮ እሷ።» ግንባራቸውን ጠረጉ። «ሊሞናር አካባቢ ግራጫ በቅሎ ታይታለች አሉኝ። ነገ ጠዋት ልሄድ ነው።»

«በእግርዎ? በዚህ ተረከዝ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፤ የምጋልባት እሷን ነበረ።»

«ምናልባት...» አለች ዳይማራ። ዓይኗን ከባልዲው አላነሳችም። «ምናልባት አርደዋት ቢሆንስ?»

«እሷን?» ሽማግሌው ጥያቄው እንዳስቀየማቸው ያስታውቃል። «እንደሷ ያለች ሠራተኛ ማን ያርዳል? አይ፣ አንዱ እያረሰባት ነው። ድምፄን ከሰማች ደግሞ ገመዷን በጥሳ ነው የምትመጣው። የሚያስፈልገው ድምፄ የሚሰማበት ቦታ መድረስ ብቻ ነው።»

ዳቦውን ይዛ ቤት ገባች። ራት ቀርቦ አንድ ጉርሻ አልወረደላትም። ሽማግሌው ሊሞናር ደርሰው ካጧት የሚቀጥለውን ገጠር ይላሉ፤ እዚያም ካጧት ሌላውን። ሞታለች የሚላቸው ሰው እስኪመጣ ድረስ ይሄዳሉ፤ ወይም መንገድ ላይ እስኪወድቁ። ይህን ሊነግሯቸው የሚችሉት ደግሞ ኦስሜልና እሷ ብቻ ናቸው። ቢነጋ ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር፤ ባይነጋ ግን ደስ ይላት ነበር።

ነጋ። ዶን ሲክስቶ ጓሮ ውስጥ ከሰሉን አቀጣጥለው፣ የስማቸው ፊደል ያለበትን ብረት ፍሙ ውስጥ ሰክተዋል። ዳይማራ ከበሮውን ይዛ እንድታጋድምላቸው ተጣሩ። አመጣችው። ብረቱ ጫፉ ቀልቶ ሲወጣ ግን አላጋደመችውም።

«ብረቱን ያቆዩት አባባ።»

«ምን ሆነ?»

የአያቷን ግራ እጅ ያዘች። ጠቋሚ ጣታቸውን ወስዳ፣ ከብረቱ ቀለበት አጠገብ አሳረፈችውና መስመሩን ተከትላ ቀስ እያለች ወሰደችው፤ መታጠፊያው ድረስ፣ ሦስቱ ነጥቦች ድረስ። ጣታቸው ነጥቦቹ ላይ ሲደርስ እሷ ሳትይዘው ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሄደ።

«ስፌት ነው» አሉ።

«የፓሎማ ነው። አጎቴ ነሜሲዮ ሲሰፏት እዚያ ነበርኩ።»

ዶን ሲክስቶ ብረቱን ውሃ ባልዲ ውስጥ ነከሩት፤ ጮኸና እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ወጣ።

«ትናንት ጠይቄሽ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ልጠይቅሽ ነው።»

አልተቆጡም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ እንባዋ ከበሮው ላይ እንዳይወርድ ፊቷን በክንዷ ጠረገች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ቆይተው። «ልጁ ይጠፋል፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ከበሮው ደህና ከበሮ ነው» አሉ፤ ለሷ ሳይሆን ለራሳቸው። «እንዲህ ያለ እጅ ካየሁ ቆይቻለሁ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ፍሙ አዞሩ።

ዳይማራ ከበሮውን በሁለት እጇ አቅፋ ወጣች። ኦስሜልና እናቱ በሚያድሩበት ቤት ስታልፍ ቆመች። ኮሪደሩ ወደ መንገድ የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አለው፤ አንኳኳች። ኦስሜል ከፈተ፤ መጀመሪያ እሷን አየ፣ ቀጥሎ እቅፏ ውስጥ ያለውን።

«አብረን እንሂድ» አለችው። «ለአጎቴ ነሜሲዮ አንተ ንገራቸው፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። ከማን እንደገዛህ አይጠይቁህም፤ እኔ አውቃቸዋለሁ። ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልጉት።»

«ዳይማራ፣ በናትሽ።» የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። «በናትሽ መልሽው።»

«ሊሄዱ ነው። ሊሞናር።»

ከኋላው እናቱ «ማነው?» ብላ ተጣራች። ኦስሜል ዞር አለ፣ እንደገና ዳይማራን አየ። «ማንም አይደለም» አለና መስኮቱን ዘጋው።

ትንሽ ጠበቀችው። ከውስጥ ኮሽ የሚል ነገር የለም። ከበሮውን አስተካክላ ታቀፈችና ዳገቱን ወጣች። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም፤ ከበሮው በየእርምጃዋ ጉልበቷን እየነካ ድምም ይላል።

አጎቴ ነሜሲዮ ለመንገድ ለብሰዋል። ባርኔጣቸውን አድርገዋል፣ የተቀቀለ ካሳቫ የቋጠሩበት ጨርቅ ከወገባቸው ታስሯል፣ የፓሎማ ልጓም ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ያደረውን ውሃ ደፍተው፣ ባዶውን ባልዲ ይዘው በርሜሉ ላይ ሊያጎነብሱ ነበር።

ዳይማራ ከበሮውን ከግንዱ ሥር መሬት ላይ አቆመችው። ጠባሳው ወደሳቸው እንዲሆን አዞረችው።

«አጎቴ» አለች፣ «ዛሬ ባልዲውን አይሙሉት።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። መጀመሪያ እሷን አዩ፣ ከዚያ ከበሮውን። ባልዲውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና ዓይናቸው የታጠፈው ጠባሳ ላይ ቆሞ እየቀረቡ መጡ። ዳይማራ ፊቷን ልታዞር ፈልጋ ነበር፤ አላዞረችም።